አሥራ ሁለተኛው እጥፍ

እትዬ ወዮ ጃንጥላ ሳትይዝ ከቤት ወጥታ አታውቅም። ሰማዩ እንደ ታጠበ ሳህን ጠርቶ እንኳ ጃንጥላዋ ብብቷ ሥር ነው። «ዝናብ ባይመጣ ፀሐይ ይመጣል፤ ፀሐይ ባይመጣ ውሻ ይመጣል» ትላለች። በሯን ቆልፋ ሦስት ጊዜ ትገፋዋለች፤ መታጠፊያው ጋ ደርሳ ትመለስና አንዴ ደግሞ ትገፋዋለች። ልጇ ዳቦ ልትገዛ ወጥታ አሥር ደቂቃ ከቆየች እናት በሐሳቧ ሐኪም ቤት አድርሳታለች፣ አስተኝታታለች፣ አልቅሳላታለች። ልጅቷ ዳቦውን አንጠልጥላ ስትገባ ደግሞ «የት ቆየሽ?» ብላ ትቆጣታለች፤ እንባዋ በከንቱ ስለ ፈሰሰ።

ወዮ የሚለውን ስም ያወጡላት የጥረዛ ቤቱ ሠራተኞች ናቸው። አልከፋትም። «ወዮ ብሎ የተቀመጠ ሰው አይደነግጥም» አለችና ተቀበለችው።

ጥረዛ ቤቱ ከማተሚያ ቤት የታተመ ወረቀት ተቀብሎ መጽሐፍ አድርጎ የሚያወጣ ቤት ነው። አንድ ትልቅ ወረቀት ታጥፎ ታጥፎ አሥራ ስድስት ገጽ ሲሆን እዚያ ቤት «እጥፍ» ይሉታል። እጥፎቹ በረጅሙ ጠረጴዛ ዳር በየተራቸው ይከመራሉ፤ ደርዳሪዋ ጠረጴዛውን እየዞረች ከእያንዳንዱ ክምር አንዳንድ ታነሣና አንድ መጽሐፍ ትሞላለች። ከዚያ ሰፊዎቹ በክር ይሰፉታል፣ ጀርባው ሙጫ ይቀባል፣ ሽፋን ይለብሳል። በመጨረሻ ወደ እትዬ ወዮ ይመጣል። እሷ አረጋጋጭ ናት። ገልጣ አይታ፣ ቆጥራ፣ የሥራ ወረቀቱ ላይ ትንሿን ክብ ማኅተም ታሳርፋለች። ያቺ ማኅተም ካላረፈች መጽሐፍ ከበር አይወጣም። ጉድለት ያገኘችበትን መጽሐፍ ግን የኋላ ሽፋኑን ከፍታ በቀይ እርሳስ መስቀለኛ ትሠራበትና ከውድቁ ክምር ላይ ትጥለዋለች። ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ስትቆይ ጎበዝ ነሽ ተብላለች፤ ክፉ የሚጠብቅ ዓይን ስህተት አያልፈውምና።

ደርዳሪዋ ልጇ ናት። እሷም ስም አላት፤ «ምናለበት» ይሏታል። ክር ቢበጠስ ምናለበት፣ ሙጫ ቢፈስ ምናለበት። እናትና ልጅ ጎን ለጎን ሲሠሩ ላየ ሰው አንዷ የሌላዋን ጭንቀት ተደራቢ አድርጋ የወሰደች ይመስላል።

እትዬ ወዮ እንዲህ የሆነችው ያለ ምክንያት አይደለም። አባቷ እዚያው ጥረዛ ቤት ሰፊ ነበሩ። ስምንት ዓመት ሲሆናት አንድ መጽሐፍ በጨርቅ ጠቅልለው አመጡላት። የአንድ ዕብራዊ እረኛ ነቢይ ቃል ነበር፤ በየምዕራፉ ሥር አንድ መምህር የጻፉት ማብራሪያ አለው። ቤታቸው ውስጥ ሌላ መጽሐፍ አልነበረም። ፊደል የቆጠረችው በእሱ ነው፣ ጮክ ብላ ማንበብ የለመደችውም በእሱ። ድሃውን በጫማ ዋጋ ስለሚሸጡ ሰዎች አነበበች። እግዚአብሔር የግንበኛ ቱንቢ ይዞ ግድግዳ ዳር እንደ ቆመ፣ ግድግዳውም ተጣሞ እንደ ተገኘ አነበበች። ከሁሉ ይልቅ ልቧ ውስጥ የቀረው ያ ሰው ነው፤ ከአንበሳ ሮጦ ድብ ላይ የወደቀው፣ ከድቡም አምልጦ ቤቱ ገብቶ፣ ተመስገን ብሎ ግድግዳ ሲደገፍ እባብ የነደፈው። መጽሐፉ የሚያልቀው «ክፉ ነገር አይደርስብንም» የሚሉ ሁሉ በሰይፍ እንደሚወድቁ ተናግሮ ነው። እዚያ ላይ አራት ነጥብ። ከዚያ ሽፋን።

የስምንት ዓመት ልጅ ከዚህ የምትማረው አንድ ነገር ነው፤ «ምንም አይደርስብንም» አለማለት። እሷም ብላ አታውቅም። ጸሎት ቤት ተቀምጣ ስለ ተስፋና ስለ መመለስ ሲነበብ ትሰማለች፣ ደስም ይላታል፤ ግን ያ የሌላ ነቢይ ይመስላታል። «ሌሎቹ ያባብላሉ፤ የእኔው እረኛ ግን እውነቱን ተናግሮ ወደ በጎቹ ሄደ» ትላለች።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሙጫው ገና እየሞቀ ሳለ፣ መምህሩ መጡ። ማብራሪያውን የጻፉት እኒያው መምህር ናቸው፤ በወጣትነታቸው ያሳተሙትን መጽሐፍ በስተርጅና አንድ ፊደል ሳይለውጡ እንደገና አሳትመው፣ ሦስት መቶ ቅጂ እዚህ ቤት እንዲጠረዝ ሰጥተው ነበር። አርባው ባለፈው ሳምንት ተሰጥቷቸዋል። አሁን አንዱን በብብታቸው ይዘው፣ ከዘራቸውን እያንኳኩ በጠረጴዛው ትይዩ ቆሙ።

አለቃው ከላይ ካለችው ቢሮው በደረጃው ወረደ። «ምነው መምህር፣ ደኅና አይደሉም እንዴ?»

«እኔ ደኅና ነኝ። ያልዳነው ነቢዩ ነው።» መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ ጣሉት። «አንበሳ አገሣ፣ ከተማ ፈረሰ፣ ሕዝብ ተማረከ፣ ከዚያ ሽፋን! ቁስለኛውን ቀዳችሁ ከፍታችሁ ሳትሰፉ ወደ ቤቱ ሰደዳችሁት። ትናንት አንዲት ሴት አንብባ ጨርሳ፣ "መምህር፣ ታዲያ እኔ ምን ልሁን?" እያለች አልቅሳ መጣችብኝ። ምን ልበላት? ጠራዡን ጠይቂ ልበላት?»

ከሰፊዎቹ አንዷ ሳቋን በመዳፏ ያዘች። አለቃው መጽሐፉን ገለጠ፣ ከጀርባው በጣቱ ቆጠረ፣ የሥራ ወረቀቱን ከመዝገቡ አወጣ። «ወረቀቱ አሥራ ሁለት እጥፍ ይላል። እዚህ ያለው አሥራ አንድ ነው።»

የሁሉም ዓይን ወደ ደርዳሪዋ ዞረ። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል፤ ምናለበት ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ወድቃለች። አንዴ ሃያ መጽሐፍ ተገልብጦ ሽፋን ለብሷል። አንዴ ደግሞ የልብስ ስፌት ማስተማሪያ መሐል የንብ እርባታ እጥፍ ገብቶ፣ ገዢው «እጅጌ ልቆርጥ ስል ንቦቹ ተነሡብኝ» ብሎ ደብዳቤ ጽፏል። ያን ጊዜ አለቃው በሁሉም ፊት «ሦስተኛ ካለ ስንብት ነው» ብሏት ነበር።

ልጅቷ እናቷን አንዴ ቀና ብላ አየቻት። ከዚያ ዓይኗን ወለሉ ላይ ጣለች። ምናለበት አላለችም።

እትዬ ወዮን ከሦስት ሳምንት በፊት የሆነው ነገር ትዝ አላት። ልጇ የመጨረሻውን ክምር በእጇ እየመታች፣

«እማ፣ ወረቀቱ አሥራ ሁለት ይላል፤ እኔ ጋ ያለው አሥራ አንድ ነው» ብላት ነበር።

«አሥራ ሁለተኛው ነጩ ነዋ፤ ከሽፋኑ ጋር የሚለጠፈው። አንዳንድ ማተሚያ ቤት እሱንም ይቆጥራል።»

«ደውለን ብንጠይቃቸውስ? ምናለበት?»

«ልጄ፣ እኔ በዚህ መጽሐፍ ነው ፊደል የቆጠርኩት። ዓይኔን ጨፍኜ ልንገርሽ። እዚህች ላይ ነው የሚያልቀው፤ አራት ነጥቡን አታይም? ይልቅ ቀጥይ።»

ስለዚህ አሁንም ልቧ አልተናወጠም። ሰውየው አርጅተዋል፣ ተምታቶባቸዋል አለች በሆዷ። ከዚያ ጮክ ብላ ተናገረች።

«ምንም አልጎደለም።»

መምህሩ ከዘራቸውን ተደግፈው ዞሩ። «ምን አልሽ?»

«መጽሐፉ እዚህ ነው የሚያልቀው። የድሮው ኅትመት ቤቴ አለ። ላምጣው።»

«እኔ የጻፍኩትን መጽሐፍ የት እንደሚያልቅ ልታሳዪኝ?»

«አዎ መምህር፤ ይቅርታዎን።»

አለቃው ሰዓቱን አየ። «ይሂዱ እትዬ። ግን ቶሎ ይመለሱ።»

ቤቷ ከጥረዛ ቤቱ ሁለት መንገድ አልፎ ነው። ግማሽ ሩጫ እየሄደች ነገሩን ስታገላብጠው ነበር። መጽሐፉን ካሳየች ልጇ ትድናለች፣ እሷም ትድናለች። ካልሆነስ? ካልሆነማ አንበሳው ነው። ዝም ብትል ልጇ ትባረራለች፣ የሦስት ሳምንቱን ነገር ብትናገር ሁለቱም ይባረራሉ፤ ቤታቸው ደግሞ በሁለት ሰው እጅ የቆመ ቤት ነው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ሣጥኑን ከፍታ መጽሐፉን ከነጨርቁ አወጣች፤ ያን ሁሉ ቸኩላ እንኳ ስትወጣ በሩን ሦስት ጊዜ ገፋችው።

ስትመለስ ሥራ ቆሟል። ሙጫው ብቻ ነው የሚንተከተከው። መጽሐፉን ለመምህሩ ልትሰጥ ስትል ሽማግሌው ሰፊ እጃቸውን ዘረጉ። አባባ መርፌ ይሏቸዋል፤ ከአባቷ ጋር በአንድ ወንበር የሠሩ፣ ዓይናቸው ደክሞ ጣታቸው ያልደከመ ሰው ናቸው።

«እስቲ ወዲህ በይው ልጄ።»

አልገለጡትም። መዳፋቸው ላይ አስቀምጠው በጀርባው በኩል ብቻ ተመለከቱትና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይሄ ልጅ የታላቅ ወንድሙን ካፖርት ነው የለበሰው።»

«ምን ማለትዎ ነው?» አለች እትዬ ወዮ።

«ሽፋኑ ሰፊ፣ ገላው ቀጭን። እይ፣ እዚህ ጋ አውራ ጣቴ ይገባል።» የኋላውን ሽፋን ከፈቱ። «ክሩም ይኸው። ለአሥራ ሁለት የተዘረጋ ክር ነው፤ አሥራ አንደኛው ላይ ደርሶ ተቆርጧል። የመጨረሻው እጥፍ ሳይያዝ ቀርቶ ወልቋል።» ከዚያ ከሽፋኑ ጋር የተለጠፈውን ነጭ ወረቀት ጫፍ በጥፍራቸው ፈቀቅ አደረጉት። ከሥሩ፣ ደብዝዞ፣ በቀይ እርሳስ የተሠራች ትንሽ መስቀለኛ ነበረች።

ምልክቷን ለእትዬ ወዮ ማንም ሊነግራት አያስፈልግም። በገዛ እጇ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታታለች። ከውድቁ ክምር ላይ የሚጣል ማለት ነው።

«አባቴ ያውቁ ነበር?» ብላ ስትጠይቅ ድምፅዋ የሌላ ሰው ድምፅ ሆነባት።

አባባ መርፌ መጽሐፉን በቀስታ ዘጉት። «አባትሽ መርፌ ነው እንጂ ፊደል አያውቅም ነበር። ይሄንንም ታውቂያለሽ። "ለልጄ ማንበቢያ የምትሆን አንዲት" ብሎ ከውድቁ ውስጥ ሽፋኗ ያልተጫረውን መረጠ። ነጩን ወረቀት የለጠፈባትም እሱ ነው፣ ቀዩ እንዳይታይሽ። "ጎደሎ ናት እኮ" ስለው ምን አለኝ መሰለሽ? "ለእኔ ሁሉም መጽሐፍ ጎደሎ ነው፤ እሷ ግማሹን ካነበበች ከእኔ ሙሉ ትሻላለች" አለኝ።»

መምህሩ አጠገባቸው ካለው በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ቁጣቸው የት እንደ ገባ እንጃ።

«ከስንት ዓመትሽ ጀምሮ ነው የምታነቢው?»

«ከስምንት።»

«አሁን ስንት ነሽ?»

«አርባ ዘጠኝ።»

«አርባ አንድ ዓመት ፍርዱ ላይ ቆመሽ!» አሉ መምህሩ፤ ለራሳቸው ያህል ቀስ ብለው።

ያመጣችው ማስረጃ ዞሮ መሰከረባት። ማንም ግን ጥፋቱ የእሷ መሆኑን ያወቀ የለም። የሦስት ሳምንቱን ንግግር የሚያውቁት እሷና ልጇ ብቻ ናቸው።

አለቃው ወረቀቶቹን ሰበሰበ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ቃሉን ማጠፍ ግን አይወድም። «የእትዬ ነገር ያሳዝናል። ስለ ማኅተማቸውም እናነጋግራቸዋለን። ነገር ግን ደርዳሪዋ አሥራ ሁለት ተብሎ ተጽፎ እያየች አሥራ አንድ ደርድራለች። ከዚህ በፊት ተነጋግረናል።»

ልጅቷ እጇን ወደ ኋላ ልካ የሽርጧን ማሰሪያ ትፈታ ጀመር። ቋጠሮው እምቢ አላት። እናቷ ጠዋት ጠዋት፣ ማሽን እንዳይዘው ብላ፣ ድርብ አድርጋ የምትቋጥርላት ቋጠሮ ነው። ልጅቷ ትጎትታለች፣ ቋጠሮው ይጠብቃል።

እትዬ ወዮ ያቺን ቋጠሮ አየች።

«ቆዪ። አትፍቺው።»

«እማ፣ ተዪው።»

«አልተውም።» ወደ አለቃው ዞረች። የጠረጴዛውን ዳር ያዘች። «ልጅቷ አይታዋለች። አንድ ጎድሏል ብላ ጠይቃኛለች። ማተሚያ ቤት እንደውልም ብላለች። አለቀ ያልኳት እኔ ነኝ። ሳልገልጥ፣ ሳልቆጥር፣ አውቀዋለሁ ብዬ ማኅተም ያሳረፍኩትም እኔ ነኝ። ፍርዱ ወደ እኔ ይምጣ።» ማኅተሟን ከኪሷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ትንሽ ነገር ናት፤ ስትቀመጥ ግን ድምፅዋ ተሰማ።

ከዚያ ለልጇ፦ «አንቺስ ምን ነክቶሽ ነው አፍሽን የዘጋሽው?»

«አንቺ ከተባረርሽ ቤት ቁጭ ብለሽ "ጣሪያው ሊወድቅ ነው፣ ምሰሶ ደግፊ" እያልሽ ስታስደግፊኝ ልትውዪ ነው። እኔ ብባረር ይሻላል ብዬ ነዋ።»

በዚህ ጊዜ ሰፊዋ ሳቋን መያዝ አቃታት። አባባ መርፌም ሳቁ። አለቃው እንኳ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

እትዬ ወዮ ግን አልሳቀችም። ስንብት የሚለውን ቃል እየጠበቀች ነበር። አንበሳው አልፏል፣ ድቡም አልፏል፤ የቀረው ግድግዳው ነው።

«አንድ ነገር ልጠይቅ» አሉ መምህሩ ከተቀመጡበት። «ማተሚያ ቤቱ አሥራ ሁለቱንም ልኬአለሁ ይላል። ታዲያ አሥራ ሁለተኛው የት ገባ?»

ይሄን ጥያቄ እስካሁን ማንም አልጠየቀም ነበር። ሰው ጥፋተኛ ሲፈልግ ዕቃ አይፈልግም። ጓዳው ታየ፣ መደርደሪያው ታየ። ቋጠሮዋ እንደ ጠበቀ የቀረችው ምናለበት ከደረጃው ሥር ጎንበስ ብላ ገባች፤ የሙጫ ቆርቆሮዎች ሲንኳኩ ተሰማ፤ ከዚያ ድምፅዋ መጣ።

«እማ! እዚህ አለ!»

በቡናማ ወረቀት የተጠቀለለ፣ በሲባጎ የታሰረ ጥቅል ነበር። ከሌሎቹ አንድ ቀን ዘግይቶ የደረሰ ጭነት ነው፤ ተሸካሚው ከደረጃው ሥር አስቀምጦት ሄደ፣ በማግስቱ የመጣው ሙጫ ፊቱ ተደረደረ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሰው በላዩ ሲወጣና ሲወርድ ከርሟል። ልጅቷ አቧራውን በሽርጧ ጠርጋ ሲባጎውን በመቀስ ቆረጠች። ወረቀቱ ነጭ ነበር፣ ቀለሙም ገና የታተመ ይመስላል።

መምህሩ የላይኛውን አንሥተው ለእትዬ ወዮ ሰጧት። «አንቺ አንብቢው። ለሁላችንም።»

ዓይኗ መጀመሪያ ፊደሎቹን አልያዘላትም። ከዚያ ያዘላት። ያ የምታውቀው ነቢይ ነው፤ ድምፁን ለየችው፣ ያው እረኛ። ግን እዚህ ላይ የሚናገረው ስለ ወደቀች ድንኳን ነበር። መልሶ ስለማቆም፣ የተቀደደውን ስለመጠገን፣ የፈረሰውን እንደ ቀድሞው ስለመሥራት። አነበበች። መከሩ ስለሚበዛ አራሹ አጫጁን እንደሚደርስበት አነበበች፤ ተራሮቹ ጣፋጭ ወይን እንደሚያንጠባጥቡ፤ የተበተኑት ተመልሰው የፈረሱትን ከተሞች እንደሚሠሩ፣ የአትክልት ቦታ ተክለው ፍሬውን እንደሚበሉ። በመጨረሻም የተከላቸው እግዚአብሔር ራሱ ነውና ከመሬታቸው ዳግመኛ እንደማይነቀሉ። እዚህ ስትደርስ ወረቀቱን ለልጇ አቀበለች። ከሥሩ ያለውን ማብራሪያ ልጇ ተቀብላ ጨረሰችው፤ መምህሩ በወጣትነታቸው እንዲህ ብለው ጽፈዋል፦ ለማፍረስ ብቻ የታሰበ ግድግዳ ላይ ማንም ቱንቢ አይጥልም፤ ቱንቢ የሚጥል ግንበኛ ቤቱን ይፈልገዋል።

«ይሄ ሁሉ ደረጃ ሥር ነበር?» አለች እትዬ ወዮ።

«ደረጃ ሥር» አለች ልጇ።

አፍንጫዋን በመሐረብ ጠረገችና ወደ መምህሩ ዞረች። እንዲህ በቀላሉ የምትለቅ ሴት አይደለችም። «ቢሆንም መምህር፣ "ክፉ አይደርስብንም" የሚሉት በሰይፍ ይወድቃሉ ይላል። እሱም አልተሰረዘም።»

«አልተሰረዘም። እነሱ ድሃ ሲበድሉ ኖረው "ምን እንሆናለን" ያሉ ናቸው እኮ። አንቺ ጃንጥላ ያልያዘ ሰው ሁሉ መሰለሽ!»

አለቃው ከመስኮቱ ተመለሰ። ማኅተሟን አንሥቶ ኪሱ ከተተ።

«እንግዲህ እኔም ልፍረድ። ማኅተሙ እኔ ጋ ይቀመጣል። ሦስት መቶው መጽሐፍ አንድ በአንድ ተፈቶ አሥራ ሁለተኛው ይሰፋበታል። የሚፈቱት እርስዎ ነዎት እትዬ፤ አንድ ገጽ ሳይቀደድ። የምትሰፋው ልጅዎ ናት፤ አባባ ያስተምሯታል። አንቺ ደግሞ» አለና ወደ ምናለበት ዞረ፣ «ሦስተኛው አልተቆጠረብሽም። ንቦቹን ግን አልረሳሁም።»

«ሁሉም ከተሰፋ በኋላስ?» አለች እትዬ ወዮ። መጨረሻውን ካልሰማች አይሆንላትም።

«በኋላ እናያለን።»

እናያለን ማለት ለእሷ ስንብት ማለት ነው። የዚያኑ ዕለት ሻይ የምትጠጣበትን ኩባያና መደርደሪያው ሥር ያኖረችውን ትርፍ ጫማ በፌስታል አድርጋ ወደ ቤት ወሰደች፤ ሲያባርሯት ዕቃ ስትለቅም እንዳትታይ።

ሥራው አሥራ ሁለት ቀን ፈጀ። የተሰፋ መጽሐፍ መፍታት ከመስፋት ይከብዳል። መጀመሪያ ለብ ባለ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ጀርባው ላይ ይደረጋል፣ ሙጫው እስኪለሰልስ ይጠበቃል። ከተቸኮለ ወረቀቱ ይነሣል፤ ከተረሳ ይርሳል። ከዚያ የመጨረሻው ነጭ ወረቀት በስለት በስሱ ይላቀቃል፣ የክሩ ጫፍ በወስፌ ተፈልጎ ይወጣል። በመጀመሪያው ቀን አምስት ብቻ ፈታች። በሦስተኛው ቀን ሃያ፣ በስድስተኛው ሠላሳ ደረሰች። ያን ሁሉ ዓመት ስህተት ስታገኝ ቀይ እርሳስ አንሥታ፣ መስቀለኛ ሠርታ፣ ወደ ክምሩ ትወረውር ነበር እንጂ አንድም ቀን ከፍታ አስተካክላ አታውቅም። አሁን የፈታችውን ለልጇ ታቀብላለች፣ ልጇ አሥራ ሁለተኛውን ታስገባለች፣ አባባ መርፌ ከኋላ ሆነው «ጠበቅ! አሁን ላላ! በሬ እያሰርሽ ነው እንዴ?» ይላሉ።

«አባባ፣ ትንሽ ቢላላ ምናለበት?»

«ይወልቃላ! የአያትሽ መጽሐፍ ምን ሆነ?»

መምህሩ አርባውን ከየሰዉ እየሰበሰቡ በዘንቢል ያመጡ ነበር። ያቺ ያለቀሰችው ሴት ግን ለመምህሩም አልሰጠችም፤ ራሷ ይዛ መጣች። እስኪሰፋ ከጠረጴዛው ዳር ቆመች፣ ሙጫው እስኪደርቅ እንኳ አልጠበቀችም፤ የመጨረሻውን ገጽ ቆማ አነበበች። ከዚያ እትዬ ወዮን በጉንጯ ሳመቻትና ሄደች። እትዬ ወዮ ግራ ገባት። ልጇን «ያጎደልኩባት እኔ መሆኔን አልነገሯትም?» አለቻት።

«ነግረዋታል።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ የመለስሽላትም አንቺ ነሽ።»

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የመጨረሻው መጽሐፍ ሙጫው እስኪይዝ መጫኛ ብረቱ ሥር ገባ። አለቃው ከደረጃው ወረደ። እትዬ ወዮ እጇን በሽርጧ ጠርጋ ተነሣች፤ ዓይኗ ግድግዳው ላይ ነበር። የምትደገፈው ያጣች ሰው ትመስላለች።

አለቃው ከክምሩ መሐል አንድ መጽሐፍ እንዳጋጣሚ መዘዘ፣ ቆጠረ፣ ሌላ መዘዘ፣ ቆጠረ። ከዚያ ማኅተሟን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ሦስት መቶ ብዬ ነበር። ለምን ሦስት መቶ አንድ ሆነ?»

እትዬ ወዮ ክው አለች። ገና ማኅተሟ መመለሷ እንኳ አልገባትም። «ሦስት መቶ ነው። ሁለቴ ቆጥሬዋለሁ። አንድ ተሳሳትኩ?»

ምናለበት ከጀርባዋ አንድ መጽሐፍ አወጣች። ጨርቁ ያው የአያቷ ጨርቅ ነው። አባባ መርፌ ተቀብለው በመዳፋቸው ላይ አስቀመጡና በጀርባው በኩል ተመለከቱት።

«ካፖርቱ ልክ ሆነለት» አሉ።

የመጨረሻው እጥፍ ከሌሎቹ ይነጣል፤ አሥራ አንዱ እንደ አሮጌ ጥርስ ቢጫ ብለዋል። ትንሽም ወጣ ብሏል፤ ልጅቷ ገና ለማጅ ናት። እትዬ ወዮ ገለጠችው። በልማዷ ከመጀመሪያው ጀምራ በጣቷ ቆጠረች፣ ጮክ ብላ፣ እስከ አሥራ ሁለት። ቀይዋን መስቀለኛ ልጇ አልሸፈነቻትም፤ እዚያው ሽፋኑ ላይ ትታያለች። እናት ማኅተሟን አነሣች፣ ቀለሙን ነካች፣ ከመስቀለኛዋ ጎን አሳረፈችው።

«ኩባያዎን ነገ ይመልሱ» አለ አለቃው ደረጃውን ሲወጣ። «በእንግዳ ኩባያ ሲጠጡ አሥራ ሁለት ቀን ሆነዎት።»

«አይተውኝ ኖሯል?»

«ሰው ሁሉ አይቶዎታል እትዬ።»

ሠራተኛው ሽርጡን ሰቅሎ ሲወጣ ፀሐይ ገና በከፍተኞቹ መስኮቶች ትገባ ነበር። ምናለበት በሩ ላይ ቆማ እናቷን ጠበቀች። እናት አልመጣችም። ዞር ስትል ከደረጃው ፊት አየቻት።

«ይቺን ያዥልኝ» አለች እትዬ ወዮ፤ ጃንጥላውን ለልጇ ሰጥታ ጎንበስ ብላ ገባች። የሙጫ ቆርቆሮዎች ይንኳኩ ጀመር።

«እማ፣ ምን ጠፋሽ?»

«ምንም አልጠፋኝም።»

«ታዲያ ምን ትፈልጊያለሽ እዚያ ጨለማ ውስጥ?»

ቆርቆሮዎቹ ዝም አሉ። ከዚያ ድምፅዋ መጣ፣ እያፈረች።

«አሥራ ሦስተኛ ቢኖርስ ብዬ ነው።»

ልጅቷ ጃንጥላውን ግድግዳው ላይ አስደገፈችና እሷም ልታይ ጎንበስ አለች።